ስቱኮውን ከመክፈታችሁ በፊት፦ የተበላሸ የእንጨት ሥራን ማረምና መደበቅ

ደንበኛዬ እትዬ ወደ ወርክሾፔ የመጡት ጥር ላይ ነው። እጃቸው ላይ የተጠቀለለች ወረቀት ይዘዋል። "ልጄ፣ ይቺ ከረከቦቴ ላይ ወደቀች። የምትፈለግ ነገር ከሆነች ብዬ ነው ያመጣኋት" አሉኝ። ወረቀቷን ስፈታት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ደረቅ ስቱኮ (የቀዳዳ መሙያ ልጥፍ) ናት። የሞላኋት እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረከቦቱን የሠራሁት ክረምት ላይ ነበር። አንዱን የእግር ቀዳዳ ቦታ ተሳስቼ በመሮ ከፈትኩት። ደንበኛ ይጠብቃል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ቀዳዳውን በስቱኮ ጠቅጥቄ፣ ቀለም አመሳስዬ፣ ቫርኒሽ ደረብኩበት። ሲረከቡኝ ማንም አላየውም። አምስት ወር ቆይቶ ግን ስቱኮው ራሱ ወጥቶ አሳጣኝ።

ለምን እንደወጣ የገባው ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ያውቀዋል። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው። ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም እርጥበት አይለየንም፤ ከዚያ በጋው ይመጣል። እንጨት በእርጥብ ወር ያብጣል፣ በደረቅ ወር ይሰበሰባል። የሚያብጠውና የሚሰበሰበው በወርዱ ነው። በርዝመቱ የሚለወጠው ከቁጥር አይገባም። ስቱኮ ደግሞ አንዴ ከደረቀ ድንጋይ ነው፣ አብሮ አይሄድም። የረከቦቱ እንጨት ዋንዛ ነው፤ ዋንዛው ሲተነፍስ ስቱኮው ይላቀቃል።

ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ የምሄድበት መንገድ አንድ ነው፦ የእንጨትን ስህተት በእንጨት መሙላት። ስቱኮ የሚመጣው ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ነው። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

መጀመሪያ እጃችሁን አቁሙ

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው በስህተቱ ሰዓት አይደለም፤ ከስህተቱ በኋላ ባሉት አምስት ደቂቃዎች ነው። መሮው አንድ ስንጣሪ ሲያስነሳ ሰው ይናደድና ሌላ ስንጣሪ ያስነሳል። መሣሪያውን አስቀምጡ። ቡና ጠጡ፣ ጅማ ነው ያለነው።

ከዚያ ወለሉን ሳትጠርጉ የወደቀችውን ስንጣሪ ፈልጉ። ይህን ስንት ሰው ይዘለዋል መሰላችሁ! ከጣውላው ጠርዝ የተገነጠለችው ቁራጭ ራሷ ከተገኘች ከእሷ የተሻለ መሙያ በዓለም ላይ የለም። ቀለሟም መስመሯም ልክ ነው። ትንሽ ኮላ ቀብታችሁ ወደ ቦታዋ መልሱና በፕላስተር አስራችሁ እደሩ። ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ የት እንደነበረች እናንተም ትጠፋባችኋለች።

ስንጣሪዋ ካልተገኘች ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ቦታው ክብደት ይሸከማል? ዓይን ያርፍበታል? ቫርኒሽ ነክቶታል ወይስ ገና ጥሬ እንጨት ነው? ክብደት የሚሸከም ከሆነ መደበቅ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ በደንብ ይጠገናል ወይ ይለወጣል። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ዓይን የማያርፍበት ከሆነ፣ ለምሳሌ የመሳቢያ የኋላ ጎን ወይም የጠረጴዛ ሆድ፣ ብዙ አትድከሙ። ጥሬ እንጨት ላይ ያለ ስህተት ከቫርኒሽ በኋላ ካለው አሥር እጥፍ ይቀላል። ስለዚህ "ቫርኒሹ ይሸፍነዋል" የሚለውን ሐሳብ ከጭንቅላታችሁ አውጡት። ቫርኒሽ አጉልቶ ያሳያል እንጂ አይሸፍንም።

አንድ ልማድ ደግሞ ያዙ። ከእያንዳንዱ ጣውላ የተረፈውን ቁራጭ ዕቃው ደንበኛ ቤት እስኪገባ አትጣሉ። እኔ ጋ ካርቶን አለ፤ ቁራጩ ላይ በእርሳስ "የእገሌ ቁም ሳጥን፣ በር" ብዬ ጽፌ እወረውርበታለሁ። ዋንዛ ከዋንዛ ይለያያል። ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ዳር ያለው ክፍል ነጣ ይላል። በቡና ጥላ ስር ያደገውና ደጅ ላይ ብቻውን የቆመው እንኳ በእኔ ዓይን አንድ አይደሉም። ከሌላ ጣውላ የመጣ ቁራጭ ዛሬ ቢመሳሰል ከዓመት በኋላ ብርሃን ሲጠግብ ቀለሙ ለየት ሊልባችሁ ይችላል።

የተጨፈለቀ ቦታ፦ ውሃና ካውያ

መዶሻ አመለጠ፣ ሞርሳው ያለ ሥር ቁራጭ ተጠብቆ ጥርሱን ተከለ፣ ወይ የትራፓኖው ጭንቅላት ወደቀበት። እንጨቱ ገብቷል፣ ግን አልተቆረጠም። ይህ ከስህተቶች ሁሉ ደጉ ነው። የተጨፈለቀ እንጨት ውሃና ሙቀት ካገኘ ተመልሶ ይነሳል።

1. የገባው ቦታ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉና አሥር ደቂቃ ያህል ይምጠጠው።
2. ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አርጥባችሁ ጭመቁት፣ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ቦታው ላይ ብቻ አኑሩት። ቀለም የሚለቅ ጨርቅ እንዳይሆን።
3. የጋለ ካውያ ጫፉን ጨርቁ ላይ ጫን አድርጉ። "ጭስስ" ይላል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይታችሁ አንሡ።
4. ጨርቁን እንደገና አርጥባችሁ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። በጣታችሁ ዳስሱት፤ ሲነሳ ይታወቃል።
5. ከዚያ ተዉት። በበጋ አንድ ቀን፣ በክረምት ሁለት ቀን ይድረቅ። በብርጭቆ ወረቀት የሚታሸው ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥቡን ካሻችሁት ሲደርቅ ይሰበሰብና ጎድጎድ ያለ ቦታ ይቀራል።

መብራት ከሌለ የከሰል ካውያ በደንብ ይሠራል። አመዱ እንዳይረግፍባችሁ ብቻ ጠንቀቅ በሉ። ኮምፔንሳቶ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። የላይኛው ስስ እንጨት ኮላው በሙቀት ይለቅና ያብጥባችኋል፣ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። በመሮ ወይም በመጋዝ የተቆረጠ መስመርም በእንፋሎት አይነሳም፣ ለእሱ ሌላ መላ አለ።

አልገጥም ያለ መጋጠሚያ

ወንዴው (የሚገባው ጫፍ) ቀጥኖ ሴቴው (የሚቀበለው ቀዳዳ) ሰፍቶ ሲገኝ የብዙ ሰው መፍትሔ ኮላ መጨመር ነው። ነጭ ኮላ ክፍተት አይሞላም። እሱ የሚይዘው ሁለት እንጨት ተጠጋግቶ ሲጫን ነው። ክፍተት ውስጥ የተከማቸ ኮላ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ወንበሩም በሦስተኛው ወር ሲጢጥ ማለት ይጀምራል።

ትክክለኛው ነገር ወንዴውን ማወፈር ነው። ከዚያው እንጨት በመላጊያ ረጅም ቅርፊት አውጡ። ከወንዴው ጉንጭ ጋር በኮላ ለጥፉት፣ ልክ እስኪሆን ደራርቡት። ካስፈለገ በሁለቱም ጎን እኩል አድርጉት፣ ካልሆነ እግሩ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ሲደርቅ በመሮ አስተካክላችሁ ሞክሩ። በእጅ ግፊት የሚገባ፣ ሲገለበጥ ደግሞ በራሱ የማይወድቅ ከሆነ ልክ ነው።

ወንዴው በሌላ ወገን የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። ጫፉን በመጋዝ ሰንጥቁና ከውጭ ሽብልቅ አስገቡበት። ሽብልቁ ከጠንካራ እንጨት ይሁን፤ ወይራ ከተገኘ ግሩም ነው። ስንጥቁ የሴቴውን እንጨት መስመር በመስቀለኛ እንዲያቋርጥ አድርጉ፣ አለበለዚያ ሽብልቁ ጣውላውን ለሁለት ይከፍለዋል።

ከትከሻው (ወንዴው ከሚነሳበት ደረጃ) ጋር የፀጉር ያህል ክፍተት ብቻ ከቀረ ስስ ስንጣሪ በኮላ ነክራችሁ አስገቡ፣ ሲደርቅ በስለታም መሮ እኩል አድርጉ። ሁለት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው።

በተሳሳተ ቦታ የተከፈተ ቀዳዳ

አሁን ወደ እትዬ ረከቦት። ስቱኮዋ የወደቀችበትን ቀዳዳ እንዴት እንዳረምኩት በዝርዝር ልንገራችሁ። ይህን አንዱን የቻለ ሰው ሌላውን አብዛኛውን ይችላል።

በመጀመሪያ የቀረውን ስቱኮ በሙሉ ፈልፍዬ አወጣሁ። ትንሽ እንኳ ከቀረ ኮላ አይዝም። ቀዳዳው ጥልቅ ስለነበር ሥሩን በአንድ የዋንዛ ቁራጭ ሞላሁት፣ ከላይ ስድስት ሚሊ ያህል ባዶ ተውኩ። እዚያ የሚገባው ነው የሚታየው።

ከካርቶኑ ውስጥ የረከቦቱ ጣውላ ቁራጭ አልነበረም፤ ያኔ ልማዱ አልነበረኝም። ከሆዱ በኩል፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ ስስ ቁራጭ ሰረቅሁ። ይህን አትናቁ። ዕቃው ራሱ የራሱን መጣፊያ ይዞ ነው የሚመጣው።

ቁራጭ ስትመርጡ ወርክሾፕ ውስጥ ባለው አምፖል አትመኑ። ደጅ አውጡት። ሁለቱንም በቲነር አርጥቧቸው፤ ያን ጊዜ የምታዩት ከቫርኒሽ በኋላ የሚኖራቸውን ቀለም ይጠጋል። መስመሩን ደግሞ ተመልከቱ። በጣውላው ላይ ያለው መስመር ጠባብና ቀጥ ያለ ከሆነ ቁራጩም እንዲሁ ይሁን። አቅጣጫውም አንድ ይሁን፣ ምክንያቱም በጥር አብረው መሰብሰብ አለባቸው።

ቀጥሎ ቅርጹ። ብዙ ሰው አራት ማዕዘን ይቆርጣል። ስህተት ነው። ዓይን መስመሩን አቋርጦ የሚሄድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ወዲያው ይይዛል። ቁራጩን እንደ ጀልባ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ አድርጉት፣ ረጅሙ ጎኑ ከእንጨቱ መስመር ጋር ይሂድ። ጎኖቹን ወደ ታች ትንሽ አጥብቧቸው፤ እንደ ውታፍ ማለት ነው። ሲመታ እየጠበቀ ይገባል።

ሌላው ሰው የሚገለብጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ቁራጩ ይቀድማል፣ ጉድጓዱ ይከተላል። ቁራጩን ሠርታችሁ ቦታው ላይ አኑሩና ዙሪያውን በስለታም ቢላ ጫፍ ጭረቱ። እርሳስ ወፍራም ነው፣ አይሆንም። ከዚያ በመሮ ከመሃል ወደ ጭረቱ እየቀረባችሁ ቆፍሩ። የመጨረሻዋን ግማሽ ሚሊ መሮውን ጭረቱ ውስጥ አስገብታችሁ በእጅ ግፊት ብቻ ቁረጡ። መዶሻ እዚህ ቦታ የለውም።

ኮላው ስስ ይሁን። ቁራጩን አስገብታችሁ ከላዩ የእንጨት ቁራጭ አድርጋችሁ መታ መታ። አንድ ሚሊ ያህል ከፍ ብሎ ይቅር። ሞርሳ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ በረጅሙ ቁረጡና ወጥራችሁ ዙሪያውን ጠምጥሙት። ከብዙ ውድ ማሰሪያ ይሻላል።

እና እደሩ። እኔ በክረምት ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይሞላ አልነካውም። ኮላ ውሃ አለበት። ውሃው በዙሪያው ያለውን እንጨት ያሳብጣል። ያበጠውን ቶሎ ከላጋችሁት ሲደርቅ ይወርድና በቫርኒሹ ላይ እንደ ጠባሳ የገባ መስመር ይታያል። ሲደርቅ በተሳለ መላጊያ ከመስመሩ ጋር ላጉት፣ ከዚያ ቁጥር 120፣ 180፣ 220 ብርጭቆ ወረቀት በቅደም ተከተል።

የመጨረሻዋ ብልሃት የሥዕል ነገር ናት። አንድ እጅ ቫርኒሽ ቀብታችሁ ካደረቃችሁ በኋላ በሾለ ቡናማ እርሳስ የጣውላውን መስመሮች ቁራጩ ላይ አሳልፏቸው። ሦስት አራት ቀጫጭን ጭረት ይበቃል፤ ዓይን ቀሪውን ራሱ ይሞላል። ከዚያ ሁለተኛውን እጅ ቀቡ። ሥዕል ላይ ብዙ አትራቀቁ፣ እኔ አንዴ አብዝቼ የሜዳ አህያ አስመስዬዋለሁ።

ለብሎን የተበሳ ቀዳዳ ሲሰፋስ? ቀላል ነገር ከሆነ፣ እንደ መሳቢያ እጀታ፣ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሮ መሙላት ይበቃል። የቁም ሳጥን በር ማጠፊያ ከሆነ ግን የክብሪት እንጨት ውርደት ነው። ቀዳዳውን እስከ አሥር ሚሊ አስፉትና ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ውታፍ በኮላ አስገቡ። የውታፉ መስመር ከጣውላው መስመር ጋር አንድ አቅጣጫ ይሁን። ክብ ዘንግ ቆርጣችሁ ካስገባችሁ ብሎኑ በዘንጉ አፍ በኩል ይገባል፤ እንጨት ደግሞ ከአፉ በኩል ብሎን በደንብ አይዝም። ያ የተቆረጠ አፍ ቀለምም አብዝቶ ይጠጣል፣ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

አጭር ቆረጣችሁ?

"አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ" የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም አጭር ቆርጠናል።

መጀመሪያ የሚታሰበው ሌሎቹን ማሳጠር ነው። ከአራት እግር አንዱ በአንድ ሴንቲ ካጠረ ሦስቱንም በአንድ ሴንቲ ቁረጡ፤ ጠረጴዛው ዝቅ ማለቱን የሚያውቀው እናንተ ብቻ ናችሁ። ካልሆነ ያጠረውን ለሌላ አጠር ላለ ክፍል አውሉት። እንደ ጠረጴዛ ፊት ያለ ገጽ ከሆነ ደግሞ በጠርዙ ጠቆር ያለ እንጨት ዙሪያውን ማልበስ ይቻላል። ጥቁር እንጨት ወይም ወይራ ከዋንዛ ጋር ያምራል፤ ደንበኛው ጌጥ ነው ብሎ ያስባል።

መቀጠል ግድ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ አፍ ለአፍ አታጋጥሙ፤ ኮላ እዚያ አይዝም። ሁለቱንም በስላሽ (በሰያፍ) ቁረጡ። የስላሹ ርዝመት የውፍረቱ ስምንት እጥፍ ይሁን። ሁለት ተኩል ሴንቲ ውፍረት ላለው ጣውላ ሃያ ሴንቲ ማለት ነው። ለጌጥ ጠርዝና ለክፈፍ ይሠራል። ለአልጋ ብረኪያ ግን አላደርገውም።

የሚንገዳገድ ጠረጴዛ

አባቶቻችን ይህን ችግር ከሥሩ ነው የፈቱት። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። ሦስት እግር በየትኛውም ወለል ላይ አይንገዳገድም፣ አፈር ይሁን ድንጋይ። አራተኛውን እግር የጨመርን እኛ ነን፣ ጣጣውን የምንከፍለውም እኛ።

ከመቁረጣችሁ በፊት ወለሉን ጠርጥሩ። ጠረጴዛውን ሩብ ዙር አዙሩት። ሲዞር መንገዳገዱ ከተለወጠ ጥፋቱ የሲሚንቶው ነው፣ እንጨቱን ተዉት። ካልተለወጠ ቀጥ ያለ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ፣ አቁሙት። በአጠረው እግር ሥር ስስ ሽብልቅ እያስገባችሁ ፊቱን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከዚያ ከትልቁ ክፍተት ትንሽ የሚወፍር የእንጨት ቁራጭ ውሰዱ። እርሳስ ላዩ ላይ አስተኝታችሁ በአራቱም እግሮች ዙሪያ መስመር አስምሩ። በመስመሩ ቁረጡ። አንዱን እግር ብቻ እየቆረጡ "አሁንስ?" ማለት የጀመረ ሰው ጠረጴዛ ጀምሮ በርጩማ ይዞ ይጨርሳል።

ከቫርኒሽ በፊት፦ የሞባይል መብራት

ሥራው አለቀ ስትሉ በሩን ዝጉና የሞባይላችሁን መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ከላይ የማይታይ ሁሉ ጥላ ይዞ ይነሳል። የመላጊያ ደረጃ፣ መስመሩን አቋርጦ የታሸ ጭረት፣ የተቦጨቀ ቦታ። የተቦጨቀው የሚመጣው ከመስመሩ በተቃራኒ ስንልግ ነው። መላጊያውን ሳሉ፣ አቅጣጫ ቀይሩ፣ በጣም ስስ እየላጋችሁ አውጡት።

የኮላ ጠብታ ግን በመብራትም አይታይም። ኮላ የነካው እንጨት ቀለም አይጠጣም፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ነጭ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መጋጠሚያዎቹን በቲነር በረጠበ ጨርቅ አብሱ። ኮላ ያለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይለያል። በመሮ ጠርዝ ፋቁትና እሹት። ቲነር ስትጠቀሙ መስኮት ክፈቱ፣ ከሰል ምድጃውንም አርቁ።

ሰጋቱራን በኮላ አቡክቶ መሙላት ሁሉም ሰው ያውቃል። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከመጋዝ የወጣው ሻካራ ነው፤ ከቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት የወጣውን ዱቄት ሰብስቡ። ሁለተኛ፣ በኮላ የተቦካው ሲደርቅ ከእንጨቱ ይጠቁራል፣ ቀለምም አይቀበልም። በጎማላካ (በአልኮል በሚሟሟ የሙጫ ቫርኒሽ) የተቦካው ይሻላል። በሁለቱም ቢሆን ከፀጉር ስንጥቅና ከሚስማር ቀዳዳ አትለፉ። ከዚያ የሰፋ ሁሉ የእንጨት ቁራጭ ይፈልጋል።

ለስቱኮ ፍትሐዊ ልሁን። በቀለም የሚሸፈን በር፣ ኤምዲኤፍ፣ የኮርኒስ ክፈፍ፤ እዚህ ሁሉ ስቱኮ ቦታው ነው። በስሱ ሁለት ጊዜ መሙላት አንዴ በወፍራሙ ከመሙላት ይሻላል።

ቫርኒሹ ራሱ ሲበላሽ

በዝናብ ቀን ቲነር የበዛበት ቫርኒሽ ስትረጩ ፊቱ ላይ ነጭ ጉም ይቀመጣል። ቲነሩ ቶሎ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ ከአየሩ ላይ ያለው እርጥበት ይይዘዋል። አትደናገጡ፣ አትፋቁት። ፀሐይ የወጣበት ቀን ጠብቁና ስስ የቲነር ርጭት ብቻ አሳልፉበት። ብዙ ጊዜ ጉሙ ይገፈፋል። ሐምሌ ላይ እኔ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አልረጭም።

የወረደ የቫርኒሽ ጠብታ ካያችሁ እርጥብ እያለ በጣት አትንኩ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በምላጭ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ፋቁት፣ በቁጥር 400 ወረቀት በውሃ እሹት፣ አንድ ስስ እጅ ቀቡ።

ረከቦትና ጠረጴዛ ላይ የጀበና ክብ ምልክት ይቀራል። ምልክቱ ነጭ ከሆነ ችግሩ ቫርኒሹ ውስጥ ነው፣ እንጨቱ ጤነኛ ነው። በደንብ የተነፋ አመድ በምግብ ዘይት ለውሳችሁ በለስላሳ ጨርቅ ከመስመሩ ጋር ቀስ ብላችሁ እሹት። ጥቁር ከሆነ ውሃው እንጨቱ ድረስ ገብቷል። በተለይ ብረት ከነካው። ቫርኒሹ መነሳት አለበት። ሎሚ ትንሽ ያደበዝዘዋል፣ ኦክሳሊክ አሲድ የተሻለ ያስለቅቃል፤ ጓንት አድርጉ፣ በኋላ በውሃ እጠቡት።

ያለቀ ሥራ ላይ የተረሳች የሚስማር ቀዳዳ ከተገኘች የሻማ ሰም ከቡናማ የዱቄት ቀለም ጋር አቅልጡና ሙሉት። ከዚያ በላይ ምንም አትቀቡ፣ ሰም ላይ ቫርኒሽ አይዝም።

ሊንሲድ (የተልባ) ዘይት የምትጠቀሙ ደግሞ የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ሰጋቱራ በሞላበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

የማይደበቀው

የአልጋ ብረኪያ ላይ መስመሩን አቋርጦ የሄደ ስንጥቅ፣ ከመጋጠሚያው ሥር የተሰነጠቀ የወንበር እግር፣ የሕፃን አልጋ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር። እነዚህን በስቱኮም በቁራጭም አትሸፍኑ። አዲስ ቁረጡ። ኪሳራው የናንተ ነው፣ ስህተቱም የናንተ ስለሆነ።

ለዓይን ብቻ የሆነው ላይ ግን ምርጫ አላችሁ። እኔ ያረምኩት ቦታ ትልቅ ከሆነ ለደንበኛው አሳየዋለሁ። አንድ ጊዜ የቡፌ በር ላይ የጣፍኩትን ቁራጭ ለአንድ ሰውዬ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ፈለገው፣ ሊያየው አልቻለም፣ ከዚያ "እንግዲህ ዋጋ ቀንስ" አለኝ። ቀነስኩ። ምን ላድርግ።

እትዬ ግን ዋጋ አላነሱም። ረከቦቱን ሳስረክባቸው ቁራጩ የገባበትን ቦታ በጣቴ ጠቆምኳቸው። መነጽር አልያዙም ነበር። ባለፈው ቡና ጠርተውኝ ቤታቸው ስሄድ ለጎረቤታቸው "ይኸውልሽ፣ የተጠገነው እዚህ ጋ ነው፣ አይታይም አይደል?" እያሉ ያሳያሉ። የሚጠቁሙት ሌላኛውን እግር ነው። ዝም ብዬ ሁለተኛውን ቡና ጠጣሁ።